ምክንያቱ ያልታወቀ መደንዘዝ እና የአምስት ሳምንት ቀጠሮ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው፤ የ36 ዓመት መምህርት ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ የእግሬን ጣቶች ይወረኛል፤ ሌሊት ቀኝ እጄ ይደነዝዛል፤ ባቴም አልፎ አልፎ ብቻውን ይርገበገባል። የስኳር ምርመራዬ ደህና ነው። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም። የነርቭ ሐኪም እንዲያየኝ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጽፎልኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ሌሊቱን ስልኬን ስጎረጉር አነጋለሁ፤ ያነበብሁት በሽታ ሁሉ የእኔ ይመስለኛል። እናቴ ጠበል እንሂድ ትለኛለች። እንዴት ልቆይ?

መልስ፦ ከመደንዘዙ ይልቅ አምስቱ ሳምንት የጎዳዎት ይመስለኛል፤ ከእሱ ልጀምር። የላከዎት ሐኪም ጉልበትዎን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ እግርዎን በጥጥ ዳስሶ፣ በተረከዝዎ አስኪዶ ካየዎት ከማንኛውም ማሽን በፊት ብዙ ነገር አውቋል። አስቸኳይ ነገር ቢያገኝ ኖሮ በዚያው ቀን ይልክዎት ነበር። ይህን የምለው ላባብልዎት አይደለም፤ ቀጠሮ ስንጽፍ በልባችን ይዘነው ለታካሚው ሳንነግረው የምንቀር ነገር ስለሆነ ነው።

ሁኔታው ከተለወጠ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። አንድ ጎንዎ በድንገት ከሰነፈ፣ አፍዎ ከተጣመመ ወይም ንግግርዎ ከተሳሰረ፣ የእግር መስነፍ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ዐይንዎን በድንገት ከጋረደዎት፣ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከደብዳቤዎ ዐይኔ የቆመው በአንድ ሐረግ ባለፉት ነገር ላይ ነው፦ ኦሜፕራዞል፣ ሦስት ዓመት። ቫይታሚን ቢ12 የምናገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ከምግቡ እንዲላቀቅ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ አሲዱን ስለሚቀንስ ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚኑ ሊያንስ ይችላል። ቢ12 ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚናገሩትም የእግር ጣቶች ናቸው። ጾሙስ ይሉኝ ይሆናል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ብቻውን አያደርቀውም፤ በፍስኩም ወተትና ሥጋ እምብዛም የማይቀምስ ሰው ላይ መድኃኒቱ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም፤ የቢ12 እና የእንቅርት ዕጢ የደም ምርመራ ከቀጠሮው በፊት እንዲሠራልዎ ግን ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ሰው ቢመክርዎትም የቫይታሚን መርፌ አይወጉ፤ የምርመራውን ውጤት ያምታታል። በእነዚህ መርፌዎችና ኪኒኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀለው ቢ6ም ቢሆን በብዛት፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

የእጅዎ ጉዳይ ለብቻው ሊሆን ይችላል። ሲነቁ የትኛው ጣት እንደደነዘዘ ልብ ይበሉ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መካከለኛው ከሆኑ፣ እጅዎን ሲያራግፉትም የሚሻልዎት ከሆነ፣ ነርቩ የእጅ አንጓዎ ላይ ተጣቦ ይሆናል፤ ቀን ሲጽፍ፣ ማታ ሊጥ ሲያቦካ የዋለ እጅ ላይ የሚያስደንቅ አይደለም። ባት በድካምና በእንቅልፍ እጦትም ይርገበገባል፤ ቡና ሲበዛም እንዲሁ። እኛን የሚያሳስበን የአቅም ማነስ ነው። በጣቶችዎ ጫፍም በተረከዝዎም እንደልብዎ ከተራመዱ ጥሩ ምልክት ነው። ጎጃም ውስጥ እግር ሲታመም ጓያ መጠርጠሩ አይቀርም፤ የጓያ ሕመም ግን በዋናነት እግርን ያገትራል እንጂ እንዲህ መውረር መለያው አይደለም።

ስልኩ የጻፉለትን ቃል እንጂ እግርዎን አልዳሰሰም። ደግሞም በሌሊት ሰው ሲፈራ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ከንፈሩንና ጣቶቹን ይወረዋል። ስልኩን አስቀምጠው ለጥቂት ደቂቃዎች በዝግታ ይተንፍሱና የቀነሰልዎትን ያህል ይመዝግቡት፤ ያ ከፍርሃቱ የመጣው ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ጠበሉን አልከለክልዎትም፤ እናትዎ አብረውዎት መሆናቸውም ደስ ይለኛል። የደነዘዘ እግር ግን ድንጋይ ሲቆርጠው አይሰማም። በባዶ እግርዎ ከቆዩ ማታ በመብራት ውስጥ እግርዎን ይመልከቱ፣ በጣቶችዎ መካከልም ጭምር። ቀጠሮው እንዳያልፍብዎትም ከመሄድዎ በፊት ቀን ይቁጠሩ።

ኦሜፕራዞሉን ለጨጓራዎ ካዘዘልዎት ሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አያቁሙ። ባሕር ዳር ሲሄዱም የኦሜፕራዞሉንና በእነዚህ ወራት የዋጡትን ሁሉ ባዶ ካርቶን በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ «ያቺ ነጭ ኪኒን» ከሚሉኝ ይልቅ ካርቶኑን ማየት እመርጣለሁ።