ጥያቄና መልስ፦ በካቶሊክ ካህን ላይ የወሲብ ጥቃት ጥቆማ ሲቀርብ

መልስ ሰጪ፦ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ለፖሊስ። የቤተ ክርስቲያን ምርመራ የመንግሥትን አይተካም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጥቆማ ሲደርሰው ጳጳሱ ምን ማድረግ አለበት?

መልስ፦ የጠቋሚው ስም ስላልተጻፈ ብቻ ጥቆማ አይጣልም። ነገሩ እውነት የሚመስል ከሆነ በቤተ ክርስቲያኗ ሕግ አንቀጽ፣ በቀኖና 1717፣ መሠረት ቅድመ ምርመራ በጽሑፍ ይከፍታል፤ መርማሪም ይሾማል። መርማሪው በኋላ በዚያው ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችልም። ሥራውም መፍረድ አይደለም፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ማጣራት ነው። መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተጎጂው የልደት ቀን ካልተጻፈ በወቅቱ ከ18 ዓመት በታች እንደነበር አይታወቅም፤ ጉዳዩን የሚያየው ሮም (ቫቲካን) ይሁን ሀገረ ስብከቱ መለየትም ያስቸግራል። ተጎጂውን ደጋግሞ ማስጨነቅም ሌላ ጥፋት ነው።

ምርመራው እስኪያልቅ ካህኑን ከአገልግሎት ማገድ ይቻላል (ቀኖና 1722)። ይህ ጥንቃቄ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ በጽሑፍ ይሰጠው። ወደ ሌላ ደብር ማዛወር ግን መፍትሔ አይደለም፤ አደጋውን ለሌላ ምእመን ማስረከብ ነው። ጉዳዩ የሕፃን ከሆነ መዝገቡ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በቫቲካን ወዳለው የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት ይላካል። ጳጳሱ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀረው አይችልም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ አንድ ጉዳይ ነበር፣ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ምን ዓይነት ጉዳይ? የተጎጂው ዕድሜ፣ ዘመኑ፣ ተከሳሹ ካህን ነው ጳጳስ? እነዚህ ሳይነገሩ መልስ የለም።

ጥያቄ፦ ጳጳሱ ራሱ ቢከሰስስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በ2023 በተሻሻለው ደንብ መሠረት ለሮምና ለሜትሮፖሊታኑ (የአካባቢው ሀገረ ስብከቶች የበላይ) ሊቀ ጳጳስ ይነገራል።

የደብሩ ልጅ፦ ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም በጳጳሳዊ ምሥጢር (ቫቲካን መዝገቦችን በምሥጢር በምትይዝበት ደንብ) ይደፈናል።

ሕግ አንባቢ፦ እሱማ ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ በዲሴምበር 2019 ተነሥቷል ወንድሜ።

የደብሩ ልጅ፦ ታዲያ ቄሱ በኑዛዜ የሰማውን ለምን አይናገርም?

ሕግ አንባቢ፦ እሱ ሌላ ነው፤ ስለ ኑዛዜ ምሥጢር የሚናገረውን ቀኖና 983ን አንብብ።

መልስ ሰጪ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። የተነሣው ጳጳሳዊው ምሥጢር ነው፤ የኑዛዜው አልተነካም። ለጠያቂው የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የጠቆመን ሰው «ዝም በል» ብሎ ማስገደድ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ለፖሊስ ነው ለጳጳስ የምንናገረው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። ለፖሊስ! ከዚያ ለሀገረ ስብከቱ፣ ቀን በተጻፈበት ወረቀት፤ ቅጂውን ያዙ።

ጥያቄ፦ ከ30 ዓመት በፊት የተፈጸመስ?

መልስ፦ ለሕፃናት ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) 20 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ተጎጂው 18 ከሞላው ቀን ጀምሮ። ያም ቢያልፍ ሮም ይርጋውን ማንሣት ትችላለች። ስለዚህ ሀገረ ስብከቱ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ከመለሳችሁ አትቀበሉ፤ ውሳኔው የእሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ካሳስ?

መልስ፦ ጠበቃ ጠይቁ።