መስመርሽ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፦ ከእንጨት ሥራ ቤት የተገኘ ልምድ

እህቴ፣ «ስልሳ ያህል ሣጥን ያለ ማስመሪያ ሣልኩ፤ መስመሬ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ልቀጥል ወይስ ወደ ማስመሪያ ልመለስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቀጥዪ። አሳሳልሽን ሳትለውጪ ግን ስልሳውን ስድስት መቶ ብታደርሺው ለውጥ አታዪም። እኔ በዚሁ መንገድ ብዙ ወራት አቃጥያለሁ።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ደንበኛ ቁም ሣጥን ወይም ቡፌ ሲያዝ እፊቱ ተቀምጬ በእስክርቢቶ እነድፍለታለሁ። መጀመሪያ ላይ እንዳልሳሳት እየፈራሁ ቀስ ብዬ ስለምስብ ጠርዙ ሁሉ አይጥ የበላው ይመስል ነበር። ዓይን የእስክርቢቶውን ጫፍ እየተከተለ ባረመ ቁጥር እጅ አቅጣጫ ይለውጣል፤ መንቀጥቀጥ የምንለው የእነዚያ ትንንሽ እርማቶች ድምር ነው።

ስለዚህ ማሰቡንና መሳቡን ለያዪያቸው። መነሻውንና መድረሻውን በነጥብ አመልክቺ። እስክርቢቶውን ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ አድርገሽ እጅሽን በነጥቦቹ መካከል ሦስት አራት ጊዜ አመላልሺ። እጅሽ መንገዱን ሲለምድ ዓይንሽን መድረሻው ላይ ተክለሽ ሳታቋርጪ ሳቢ። ረጅም መስመር ከትከሻ ይሳብ፤ ከእጅ አንጓ ከሆነ ይጎብጣል። ነጥቡን ቢያልፍም ይለፍ። አንዴ ከሳትሽ ደግመሽ አትሂጂበት፤ ድጋሚው መስመር ስህተቱን ያደምቀዋል።

ሣጥን የሚጠቅመው ለእያንዳንዱ መስመር መድረሻ ስለሚሰጠው ነው። 12 ጠርዞች አሉት፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱት አራት አራት ሆነው በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የአንዱ ወገን አራቱም ጠርዞች ከአንቺ ሲርቁ ወደ አንድ መጥፊያ ነጥብ፣ ማለትም ቢረዝሙ ተቀራርበው ወደሚገናኙበት ነጥብ፣ ያመራሉ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁለት ሁለቱን ብቻ እያስተያየን ስንስል ነው። ጥንዶቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ አራቱ በአንድነት ግን አይገናኙም። ስህተቱም ተጠራቅሞ ከኋላ ባለው ድብቅ ጥግ ላይ ይወጣል፤ ሦስቱ መስመሮች እዚያ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። አራቱንም አብረሽ አስቢ፤ ያልተሣሉትንም ጭምር።

ማስመሪያሽን አትጣዪው፤ ለማረም አቆዪው። ገጹ ሲያልቅ የእያንዳንዱን ወገን መስመሮች በቀይ እስክርቢቶ ወደሚርቁበት አቅጣጫ አስረዝሚ። ከሌሎቹ የተለየው ወዲያው ይታያል። የእኔ ቀይ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ መቀራረብ ሲገባቸው ይበታተኑ ነበር። ይህን ያወቅሁት ባስረዘምኳቸው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ሣጥኖቼ የተስተካከሉ ይመስሉኝ ነበር።

ሌላው አስተማሪዬ መስኮቴ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቴ ሣጥን በሣጥን ነው። ከዓይኔ በላይ ያለው የሕንፃ ጠርዝ እየራቀ ሲሄድ ዝቅ ይላል፤ ከዓይኔ በታች ያለው ከፍ ይላል፤ በዓይኔ ልክ ያለው የመስኮት ረድፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ወደ ግቢው ወርጄ ያንኑ ሕንፃ ስመለከት ከላይ ሳየው ጠፍጣፋ የነበረው ረድፍ ያዘቀዝቃል። ሕንፃው አልተንቀሳቀሰም፤ የዓይኔ ደረጃ ነው የወረደው። አንድ ቀን ይህን በሁለት ወረቀት ላይ ሣይው፤ ብዙ ማብራሪያ ከማንበብ ይሻላል።

በቀን አንድ ገጽ፣ አምስት ሣጥን ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ስትስዪ ትከሻ ይደክማል፣ እጅም ወደ አንጓው ይመለሳል። የነገውን ገጽ ከነቀይ መስመሩ አሳዪኝ፤ የትኛው ወገን እንደሚያስቸግርሽ አብረን እናያለን።