ልጅን ውጭ አገር ክርስቲያን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ማስገባት፦ የወሎ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ ባለቤቴ ናይሮቢ ሥራ አግኝቶ ልጆቹን ይዘን ልንሄድ ነው። «ክርስቲያን ኢንተርናሽናል» የሚባሉት በዝተውብኛል። ከምን ልጀምር?

ከሕንፃውና ከመዋኛ ገንዳው ሳይሆን ከእምነት መግለጫው ጀምሪ፣ እኅቴ። በዚህ ስም የሚጠሩት አንድ ዓይነት አይደሉም። ሚሲዮኖች በዋናነት ለራሳቸው ልጆች የከፈቷቸው አሉ። ኬንያ ኪጃቤ ያለው ሪፍት ቫሊ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው እንዲህ ነው። እነዚህ ጋ የሚሲዮናዊ ልጅ ቅድሚያ አለው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት አንዱ ነው። ሌሎቹ ደግሞ የግል ድርጅት ናቸው፤ ክርስትናቸው በሳምንት ከአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የማመልከቻ ክፍያ ሳትከፍዪ ሦስት ነገር በኢሜይል ጠይቂ፦ የእምነት መግለጫውን፣ ወላጅ የሚፈርምበትን ስምምነትና የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜውን የትምህርት ይዘት ዝርዝር (ሲላበስ)። እነዚህን ቀድሞ ለማሳየት የሚያቅማማ ትምህርት ቤት ይቅርብሽ።

ከሐይቅ፦ ኦርቶዶክስ ነን። ልጃችን ሃይማኖቱን ይለውጥብን ይሆን?

አብዛኞቹ ወንጌላውያን ናቸው፤ መምህራኑም እንደዚያው። ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ጾም ልጁ ቤት ከተማረው የተለየ ነገር መስማቱ አይቀርም። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ቤት ውስጥ የሚያስተምረውና አቅራቢያ የሚወስደው ቤተ ክርስቲያን ካለ ግን ልጁ አይናወጥም። የቤቱን ትምህርት ትታችሁ ሁሉን ለትምህርት ቤቱ ከጣላችሁ፣ ያኔ የሚቀርጸው ትምህርት ቤቱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ቅጽ ላይ «ፓስተር» የሚለውን ቦታ የንስሐ አባት ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ ሊሞሉት ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የደብሩ ማኅተም ይረፍበት። «ዳግም የተወለድክበት ቀን» ለሚለው ጥያቄ ቀን አትፍጠሩ፤ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ መጠመቋን በግልጽ ጻፉ።

ለረቡዕና ዓርብ ምሳ «ቬጀቴሪያን» ብላችሁ አትሙሉ፤ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይኖርበታል። የጾም ምግብ የሚሆነው «ቪጋን» የሚለው ነው። ጥምቀት ጥር 11 ሲሆን እዚያ ተራ የትምህርት ቀን ነው። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት የሚቀርባቸውን በዓላት ዘርዝራችሁ በዓመቱ መጀመሪያ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባለቤቴ ክርስቲያን። የምንሄደው ዱባይ ነው። ይቀበሉናል?

አብሽሪ፣ ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ልዩነቱ ፖሊሲያቸው ላይ ነው። ክፍት የሆኑት ማንንም ያስገባሉ፤ ሌሎቹ ቢያንስ አንዱ ወላጅ ክርስቲያን እንዲሆን ይጠይቃሉ። ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ለሁሉም ግዴታ መሆን አለመሆኑን ጠይቂ። በኤምሬትስ ደግሞ በመዝገብ ሙስሊም የሆነ ተማሪ የግል ትምህርት ቤትም ቢገባ የእስልምና ትምህርት ይወስዳል። የልጁ ሃይማኖት በሰነድ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር ሁለታችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። የማታምኑበትን መግለጫ ግን ቦታ ለማግኘት ብላችሁ አትፈርሙ፤ በኋላ ልጁን በሁለት ቃል መካከል ያስቀምጠዋል።

ከወልድያ፦ እውቅና ያለው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ትልቁ ስህተት አባልነትንና እውቅናን ማምታታት ነው። ኤሲኤስአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማኅበር አባል ትምህርት ቤቶችም፣ መርምሮ እውቅና የሰጣቸውም አሉት። አርማውን ድረ ገጹ ላይ የለጠፈ ሁሉ ተመርምሯል ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ያለው እውቅና ሰጪው ድርጅት ራሱ ባወጣው ዝርዝር ላይ ነው፤ የእውቅናው ማብቂያ ዓመትም እዚያ ይታያል። ከኤሲኤስአይ ሌላ ሚድል ስቴትስ፣ ዋስክ ወይም ሲአይኤስ ከተባሉት እውቅና ሰጪዎች የአንዱ እውቅና ካለበት ጥሩ ነው።

ካሪኩለሙም ይታይ። የእንግሊዙ አይጂሲኤስኢና ኤ ሌቭል በሚባሉ ፈተናዎች ይጨርሳል። አይቢ የተባለው ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ ከ45 ነጥብ ይታረማል፤ ለማለፍ ቢያንስ 24 ነጥብና ሌሎች መስፈርቶች ያስፈልጋሉ። የአሜሪካው በየዓመቱ በሚጠራቀም ውጤት ላይ ይቆማል። በየሁለት ዓመቱ አገር የሚቀይር ቤተሰብ የአሜሪካውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በአይጂሲኤስኢ ወይም በአይቢ የሁለት ዓመት ኮርስ መሐል መነሳት ልጁን ይጎዳል።

ከደሴ፦ በ2014ቱ ጦርነት የልጄ ማኅደር ጠፍቷል፤ ያቋረጠውም ጊዜ አለ። ምን ላቅርብ?

ክፍተቱን አትደብቂው። ከትምህርት ቤቱ ወይም ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማኅደሩ መጥፋቱንና ትምህርት የተቋረጠበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ አውጪ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ካለ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ይገኛል። የቀድሞ መምህራን የሮስተር ቅጂ ይኖራቸው እንደሆን አጠያይቂ። ቀሪውን የመግቢያ ፈተናው ይሸፍነዋል።

ከላሊበላ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 1ኛ ክፍል ነው። እዚያ 3ኛ ክፍል ነው አሉኝ። ተሳስተው ይሆን?

አልተሳሳቱም። የእንግሊዙ ሥርዓት በዕድሜ ነው የሚመድበው፤ የ7 ዓመት ልጅ «ይር 3» ይገባል፣ በአሜሪካው 2ኛ ክፍል። የእንግሊዙ መቁረጫ ቀን እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25። ነሐሴ 26 የተወለደ ልጅ አንድ ክፍል ዝቅ ይላል። የልደት ቀን ሲመነዘር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ለሁሉም 8 የደመሩ ወላጆች ፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ እየተጋጩባቸው ይቸገራሉ። ስምም እንዲሁ ነው፤ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ስለሚያዝ የእናት ስም ከልጁ ጋር አይገጥምም። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙ በውጭ ጉዳይ አስረጋግጣችሁ ያዙ።

ከከሚሴ፦ የልጄ እንግሊዝኛ ደካማ ነው። የመግቢያ ፈተናውን ይወድቃል?

ካት ፎር የተባለው ፈተና አራት ክፍል አለው፦ በቃላት፣ በቁጥር፣ በቅርጽና በቦታ ማሰብ። የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ በቃላቱ ዝቅ ብሎ በቅርጹ ከፍ ይላል፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን ልዩነት አይቶ ችሎታ እንዳለው ይረዳል። ውጤቱን በየክፍሉ ለይተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ካላቸው ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው፣ ልጁን ከየትኛው ትምህርት እንደሚያስወጣው ይጠይቁ። ከሒሳብ የሚያስወጡት ከሆነ አይስማሙ።

ከደሴ፦ ክፍያው ድረ ገጹ ላይ ያለው ብቻ ነው?

አይደለም። የማመልከቻ ክፍያ (አይመለስም)፣ የምዝገባ፣ የቦታ መያዣ፣ የሕንፃ ማስፋፊያ፣ አውቶቡስ፣ ዩኒፎርም፣ ላፕቶፕ፣ የውጭ ፈተና ክፍያ ይጨመራል። «የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ድምር ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙዎቹ ለመልቀቅ የአንድ ተርም ማስታወቂያ ይፈልጋሉ፤ ካላሳወቃችሁ የዚያን ተርም ያስከፍላሉ። ለደላላ የሚከፈል ነገር የለም፤ ማመልከቻው በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ነው።

ከወልድያ፦ ክትባትስ?

እንደ አገሩ ይለያያል። የእኛ መደበኛ ክትባት ኩፍኝን እንጂ ጆሮ ደግፍን አይሸፍንም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ጆሮ ደግፍንም የሚከላከለውን ኤምኤምአር የተባለ ክትባት ይጠይቃሉ። የክትባት ካርዱን አትጣሉ።

ከሐይቅ፦ አዳሪ ብናስገባትስ?

ከ12 ዓመት በታች ከሆነች አልመክርም። ካስገባችኋት የልጆች ጥበቃ ፖሊሲውን አንብቡ። ከሠራተኛ ሁሉ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ይጠየቃል ወይ? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ አለ ወይ? አንድ የማደሪያ ወላጅ (ማደሪያው ውስጥ ልጆቹን የሚጠብቅ ሠራተኛ) ስንት ልጅ ይይዛል? ልጅቷ ስልኳን መቼ ታገኛለች፣ ቅሬታ ካላትስ ከማደሪያው ውጭ ለማን ትናገራለች? የመጨረሻውን ጥያቄ ለኃላፊው ብቻ ሳይሆን እዚያ ለሚያድር ተማሪም አቅርቡት። ተማሪው የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስም ወዲያው መጥራት ካልቻለ፣ ደንቡ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።