መልስ፦ ተማሪዎችን ወደ ጫሞ ሐይቅ ለመስክ ሥራ ስለመውሰድ

ወንድሜ፣ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ከአዲስ አበባ ጫሞ ሐይቅ ልወስድ ነው፣ ምን ላስቀድም ብለሃል። እኔ ብሆን ከአዞው በፊት መንገዱን አስባለሁ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ሹፌር በአንድ ቀን ልጨርሰው አትበል፤ ወላይታ ሶዶ እደሩ። ሹፌሩ «ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ» ቢልህም ማታ መንዳት የለም።

ቀጥሎ ወባ። ሐይቁ አጠገብ ያለችው አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አጎበር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ከተመለሱ በኋላ ያለውን ነው። ትኩሳቱ ትንኟ ከነከሰች ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ልጁ ጉንፋን ነው ብሎ ዶርም ይተኛል። ስለዚህ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ትኩሳት የያዘው ዛሬውኑ የደም ምርመራ ያድርግ፣ አርባ ምንጭ እንደነበረም ለሐኪሙ ይንገር» ብለህ ጻፍ። ከሳምንት በኋላ ድገመው፤ አንዴ የተጻፈ አይነበብም።

የጀልባው ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ካልበቃ በሁለት ዙር ውጡ። ውሃ ዳር ናሙና የሚወስድ ብቻውን አይሂድ፤ ጉማሬም አለ።

የቤተሰብ ስልክና አስም ወይም ስኳር ያለባቸውን ልጆች ዝርዝር በወረቀት ያዝ። አንዱን ኮፒ ለዲፓርትመንቱ ተው። ባትሪም ኔትወርክም በሚፈለጉበት ሰዓት አይገኙም።