የሕግ ጥያቄዎቻችሁ፦ ዋስትና፣ ጠበቃና የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ጥያቄ፦ በሙስና የተጠረጠረ ባለሥልጣን በዋስ ወጣ የሚል ዜና ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጥፋቱ ታውቆ ሳለ ለምን ይለቀቃል? ጠበቆቹስ ሌባ ሲያስመልጡ ሕሊናቸው አይወቅሳቸውም? (መምህር ነኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ንዴትዎ ይገባኛል። የሕዝብ ገንዘብ ሲበላ ዝም ማለት ከባድ ነው። እኔ የማልስማማው «ጥፋቱ ታውቆ ሳለ» ያሉት ላይ ነው። ማን አወቀው? ዜናው ያለው «ተጠረጠረ» ነው። ምስክር አልተሰማም፣ ሰነድ አልተመረመረም፣ ሰውየውም ገና መልስ አልሰጠም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ይህ መብት ደግሞ የሚያስፈልገው ለምንወደው ሰው ብቻ አይደለም።

ዋስትና ሲጠየቅ ዳኛው የሚያየው ሰውየው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን አይደለም። ያ ገና ወደፊት የሚመጣ ነው። የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ቢለቀቅ በቀጠሮው ቀን ይመጣል? ምስክር ያባብላል ወይ? ሰነድ ያጠፋል? ሌላ ወንጀል ይሠራል? ለእነዚህ በቂ ስጋት ካለ ይከለክላል። ሕጉ ራሱ በር የዘጋባቸው ከባድ ወንጀሎችም አሉ። በሙስና በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ10 ዓመት በላይ ሊያስቀጣ በሚችል ክስ ዋስትና አይፈቅድም። ስለዚህ በዋስ የወጣ ሰው አመለጠ ማለት አይደለም፣ ክሱም አብሮት ይቆያል።

ስለ ዋስትና በተነሳ ቁጥር እኔ ትዝ የሚለኝ የአቶ ስዬ አብርሃ ጉዳይ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። መዝገቡ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ጋ ደረሰ። ዳኛዋ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ግን ሰውየውን ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ መልሶ ያዛቸው። ወዲያው ፓርላማው በሙስና ለተጠረጠሩ ሰዎች ዋስትና የሚከለክል ሕግ አወጣ። እስቲ ያስቡት፤ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰጠ፣ ትእዛዙ አልጣመም፣ ከዚያ ሕጉ ተቀየረ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት ስድስት ዓመት ገደማ ቆይተው በ1999 ዓ.ም. ነው። በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው፣ አላላቸውም፣ ለእኔ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ዋናው ነገር ያቺ ዳኛ ከላይ የሚመጣባቸውን እያወቁ መዝገቡን ብቻ አይተው መወሰናቸው ነው። በዚያን ጊዜ «ሌባ ለቀቀች» ያለ ሰው አይጠፋም። ግን ዳኛ እንዲህ ካልወሰነ፣ ነገ መምህሩ በሐሰት ሲጠቆሙ ማን ይደርስላቸዋል?

ስለ ጠበቆቹም ልንገርዎ። የተከላካይ ጠበቃ ሥራ ሌባ ማስመለጥ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ያለውን እንዲያስረዳ ማስገደድ ነው። የዞን 9 ጦማሪያንንና ጋዜጠኞችን ክስ ያስታውሱ። ሚያዝያ 2006 ተያዙ፣ በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። ገሚሶቹ ክሳቸው ተቋርጦ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈቱ። ጥቅምት 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከቀሩት አራቱን፣ የቀረበው ማስረጃ ክሱን አያስረዳም ብሎ፣ መከላከያ ምስክር እንኳ ማቅረብ ሳያስፈልጋቸው በነጻ አሰናበታቸው። ከአንዱ ላይም የሽብር ክሱ ወርዶ፣ በቀላል ክስ እንዲከላከል ተብሎ በዋስ ወጣ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካለቀ በኋላ ዳኛ «ይከላከል» ወይም «በነጻ ይሰናበት» የሚልበት ደረጃ አለ። ጠበቃ ማስረጃውን አንድ በአንድ ካልፈተሸ፣ ተከሳሹ እዚያ ላይ በነጻ የመሰናበት ዕድሉ ያመልጠዋል። የሚያሳዝነው ልጆቹ እዚህ እስኪደርሱ አንድ ዓመት ተኩል ማጎሪያ ውስጥ መክረማቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌቪዥን ከፍርድ ቤት ቀድሞ ሲፈርድ ማየት ለምደናል። በ2005 ዓ.ም. የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ጉዳይ ገና ችሎት ላይ እያለ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን ስለ እነሱ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ዳኛውም፣ ምስክሩም፣ የተከሳሹ ጎረቤትም ያንን አይቶ ነው በማግስቱ ሥራ የሚገባው። እንደዚህ ያለ ነገር ሲያዩ ቢያንስ ለራስዎ «ሌላውን ወገን አልሰማሁም» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከትናንት በስቲያ ማታ ከሥራ ሲመለስ ተያዘ። ጣቢያ ስንሄድ «ምርመራ ላይ ነው» ብለው መለሱን። ፈርም እያሉት ነው የሚል ወሬም ደርሶናል። ምን እናድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ግን ዛሬውኑ ተንቀሳቀሺ፣ ሰዓቱ ወሳኝ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ውጪ የሚታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። «ቅዳሜና እሁድ ነው»፣ «መርማሪው የለም» የሚለው ከዚህ አያድንም። ስለዚህ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ማን እንደያዘው አሁኑኑ ጻፉ። አብሮት የነበረ ሰው ካለ ስልኩን ያዙ። በኋላ ችሎት ላይ «መቼ ተያዘ?» ሲባል ፖሊስ የሚለው ቀንና እናንተ የምትሉት ቀን ላይገጥም ይችላል።

ፊርማውን በተመለከተ፣ ወንድምሽ ዝም የማለት መብት አለው። ቃል የሚሰጥም ከሆነ፣ የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ማንም ሊያስገድደው አይችልም፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይያዝበትም። ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በዱላ ብቻ አይደለም። ሌሊት ደክሞት፣ «ፈርምና ወደ ቤትህ» ሲባል ሳያነበው የሚፈርመው ወረቀት አለ፣ እሱ ነው በኋላ የሚያስለቅሰው። ምግብ ይዛችሁ ስትገቡ ይህንን ንገሩት፦ ያላነበብከውን አትፈርም፣ ያላልከው ነገር ከተጻፈ ይስተካከል በል፣ በማይገባህ ቋንቋ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቅ። በአንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ። የጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ገብታችሁ አንቀጹን ጠቅሳችሁ በትሕትና ጠይቁ። ጩኸት አያዋጣም።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ፣ ይጠይቃል፤ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። እዚያ ላይ ዝም አትበሉ። ጠበቃው ወይም ራሱ ወንድምሽ «ምን ምርመራ ቀረ? የትኛው ምስክር ነው ያልተሰማው? እኔ ብወጣ ምኑን አደናቅፋለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። በሁለተኛው ቀጠሮ ፖሊስ ያንኑ ምክንያት ደግሞ ካመጣ፣ ባለፈው 14 ቀን ምን እንደሠራ ያስረዳ በሉ። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

ዋስትና ተፈቅዶም ፖሊስ አልለቅም የሚልበት ጊዜ አለ። አቶ ልደቱ አያሌው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ቢሾፍቱ ታስረው ፍርድ ቤት በዋስ ይውጡ ካለ በኋላም ወራት ቆይተዋል። ያኔ መንገዱ «አካልን ነጻ የማውጣት» አቤቱታ ነው። ዳኛው የያዘውን ክፍል ሰውየውን አምጣ፣ በምን ሥልጣን እንደያዝከውም አስረዳ ይለዋል። አቅም ከሌላችሁ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትን ጠይቁ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ሲይዘኝ መብቴን አላነበበልኝም፣ ክሱ ይፈርስልኛል? ጠበቃዬ ደግሞ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ጨርስ፣ ቀላል ነው» ይለኛል። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ጥያቄህ ብዙ ተስፋ አታድርግ። በፊልም እንደምናየው አይደለም። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚራንዳ ጉዳይ የወሰነው፣ ተይዘህ ሳለ ፖሊስ ሊጠይቅህ ሲል መብትህን ይንገርህ ነው። ካልነገረህ በጥቅሉ ሲታይ የሚወድቀው የሰጠኸው ቃል እንጂ ክሱ አይደለም። ዝም ማለት ከፈለግህም በአፍህ ተናገረው፦ «መልስ አልሰጥም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ»። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 (እ.ኤ.አ.) እንደወሰነው ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ አይበቃም።

የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው። በዚያው በ2010 በፓዲላ ጉዳይ፣ ቬትናም የዘመተና ለዐሥርት ዓመታት በአሜሪካ የኖረ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠበቃው «አትጨነቅ» ብሎት ጥፋተኝነቱን አምኖ ከአገር የመባረር አደጋ ላይ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ለደንበኛው ይህንን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ ለጠበቃህ «ይህንን ክስ ባምን ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ካላወቀው የኢሚግሬሽን ጠበቃ እስክታማክር ቀጠሮ እንዲራዘም ይጠይቅልህ። እንግሊዝኛ ብትችልም ችሎት ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ዳኛው «ገባህ?» ሲልህ ከይሉኝታ የተነሳ «አዎ» እንዳትል።