ስለ ሆላንድ፣ ሚሺጋን የመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

የማካታዋው፦ ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ 1850ን እና 1857ን አታምታቱ። በ1850 ከሆላንድ አገር የመጡት ስደተኞች ከድሮ ጀምሮ አሜሪካ ከነበረችው የሆላንዶች ሪፎርምድ (የካልቪን ወገን ፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀሉ። በ1857 ከፊሎቹ ወጥተው ክርስቲያን ሪፎርምድ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ከተማዋን የመሠረተው ቄስ ቫን ራልተ አገሩን ሆላንድን ለምን ለቀቀ?

የማካታዋው፦ በ1834 ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ከተገነጠሉት ወገን ስለሆነ ነው። ያኔ ያለ ፈቃድ ከ20 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ሃያ አንደኛው ሰው በሩን ሲያልፍ ጸሎቱ ወንጀል ይሆናል። ቫን ራልተም ተቀጥቷል፣ ታስሯል። በ1845 ደግሞ ድንቹን በሽታ መታው፤ ድሃው የሚኖረው በድንች ነበር። በ1846 መጨረሻ ኒውዮርክ ገባ። ሐሳቡ ዊስኮንሲን ነበር፤ የክረምቱ በረዶ የመርከብ መንገዱን ሲዘጋበት ሚሺጋን ቀረ። በየካቲት 1847 ጫካው ውስጥ ገባ። በዚያው በጋ ወባ ስንቱን ጨረሰ! እሱም ከስብከቱ ሌላ መድኃኒት ያድል ነበር።

ቢሾፍቱ 07፦ ስለ መሪዎቹ በአጠቃላይ ይንገሩን።

የማካታዋው፦ በአጠቃላይ የሚባል መሪ የለም። ስም ጥራና ጠይቅ።

ታሪክ ወዳድ፦ የፔላው ስኮልተስ?

የማካታዋው፦ እሱ አዮዋ ነው። ፔላን በ1847 መሠረተ፤ በመሬት ጉዳይ ከራሱ ምእመናን ጋር ተጣላ። ይበቃል።

ሰናይት፦ ከቄሱ ሌላ ማን ነበር?

የማካታዋው፦ ተባረኪ! ሁሉም ቄሱን ይጠይቃል፣ ሽማግሌውን የሚያነሣ የለም። አጥቢያውን የሚመራው ቄሱ ከተመረጡ ሽማግሌዎች ጋር ነው። ሽማግሌዎቹ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ባልና ሚስት ሰላም ናቸው? ልጆቹ ትምህርተ ሃይማኖት ይማራሉ? ይህ ሁሉ ይጠየቃል። እንደኛ የንስሐ አባት ለብቻ የሚሰማው አይደለም። ጎረቤቷን ዚላንድን እዪ። ያኔስ ቫን ደ ላይስተር ባለጸጋ ገበሬ ነበር። እርሻውን ሸጠ፣ ለድሆቹ የመርከብ ከፈለላቸው፣ እዚህም መሬት ገዛ። አጥቢያቸው የተቋቋመው ገና ከአገራቸው ሳይነሡ ነው። ቄሳቸውን ቫን ደር ሙለንን ይዘው መጡ።

ቢሾፍቱ 07፦ ታዲያ ክርስቲያን ሪፎርምድን የመሠረተው ቫን ራልተ ነው ማለት ነው?

የማካታዋው፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? 1850 እና 1857! ቫን ራልተ የ1850 ሰው ነው። በ1857 አራት አጥቢያዎች ጥለውት ወጡ። አብረው የወጡት ቄሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፣ ቫን ደን ቦሽ ብቻውን ቀረ። ነገሩን ያቀጣጠለው ግን ሽማግሌ ነው፦ ኸይስበርት ሃን። ክሳቸው ከዳዊት መዝሙር ሌላ ትዘምራላችሁ፣ ቁርባኑን ለሁሉም ከፈታችሁ የሚል ነበር።

ታሪክ ወዳድ፦ በመዝሙር ይሄን ያህል? የኛም ሰው በውጭ አገር በትንሽ ነገር ነው የሚከፋፈለው።

ሰናይት፦ ትንሽ ነገር አይደለም። የተሰደዱት እኮ ለሱ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ እሺ፣ ሕንፃው ለማን ይደርሳል? እኛ ጋ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው።

የማካታዋው፦ ስለኛ አጥቢያዎች ሌላ ቦታ ተከራከሩ። የሕንፃው ጥያቄ ግን ጥሩ ነው። ቫን ራልተ ያገለግልበት የነበረው ባለዓምዱ ቤተ ክርስቲያን በ1856 ተሠራ። በ1871 እሳት ከተማዋን ሲበላት እሱ ተረፈ። በ1882 የፍሪሜሶን (የምሥጢር ማኅበር) አባላት በቤተ ክርስቲያን ይቆዩ አይቆዩ በሚል ክርክር ምእመናኑ ተከፈሉ። አብዛኞቹ ሕንፃውን ይዘው ወጡ፣ በኋላም ከ1857ቱ ወገን ጋር ተቀላቀሉ። ቫን ራልተ የሰበከበት መድረክ ጥለውት ለሄዱት ሆነ። እሱ በ1876 አርፏል፤ ይህን አላየም።

ቢሾፍቱ 07፦ ስለዚህ 1857 ላይ ነው የተቀላቀሉት?

የማካታዋው፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ።