መልስ፦ በድራግ ሬሲንግ ወንዶችን ያሸነፈች ሴት አለች ወይ?

አለች እንጂ! በመጀመሪያ ግን «ሴቶች ለብቻቸው ነው የሚወዳደሩት?» ላልከው፣ አይደለም። ድራግ ሬሲንግ በአጭርና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የመኪና ሽቅድምድም ነው፦ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ይፈተለካሉ፣ መጨረሻውን መስመር ቀድሞ የነካ ያልፋል። ወንድ ሴት የሚባል ነገር የለም።

ሸርሊ ማልዳውኒን ፈልገህ አንብብ። አሜሪካዊት ናት፣ ልጅ ሆና ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በስኬኔክታዲ ጎዳናዎች ላይ መሽቀዳደም የጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1973 በቶፕ ፊውል፣ ማለትም ናይትሮሜቴን የሚባል ነዳጅ በሚያቃጥሉት በጣም ፈጣኖቹ መኪኖች ምድብ፣ ለመወዳደር ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1977 ሻምፒዮን። በ1980 ደገመች፣ በ1982 ሠለሰች! በዚህ ምድብ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን በመሆን እሷን የቀደመ ወንድም የለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1982 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ ያሸነፈችው ደግሞ የድሮ የቡድን አጋሯን ኮኒ ካሊታን ነው።

ብዙዎች ስለ ሮዝ መኪናዋ ያወራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከአደጋው በኋላ ያደረገችው ነው። በ1984 ሞንትሪያል አቅራቢያ በሙሉ ፍጥነት እየበረረች የፊት ጎማው ካላማዳሪ ወጥቶ ተጠመጠመና መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተበታተነች። ሁለቱም እግሮቿ ክፉኛ ተሰባበሩ፣ ቀዶ ጥገናው ተደጋገመባት፣ መራመድን እንደ አዲስ ተማረች። እንዲያም ሆኖ በ1986 ተመልሳ መሪ ጨበጠች፣ በቃኝ ያለችው በ2003 ነው።